የጨረታ ማስከበሪያ፦ ለቃል የሚያዝ መያዣ

የመንግሥት መሥሪያ ቤት የጨረታ ማስታወቂያ ደጋግሞ ያነበበ ሰው ዝርዝሩን በቃሉ ይወጣዋል። ዘመኑን የተከተለ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ምዝገባ፣ የአቅራቢነት ምዝገባ ይጠየቃል። ከእነዚህ ቀጥሎ ደግሞ አንድ የማይቀር ዐረፍተ ነገር አለ፤ ተጫራቾች ይህን ያህል ብር የጨረታ ማስከበሪያ በሲፒኦ ወይም በቅድመ ሁኔታ ላይ ባልተመሠረተ የባንክ ዋስትና ከሰነዳቸው ጋር አያይዘው ማቅረብ ይኖርባቸዋል የሚለው።

ለጨረታ አዲስ የሆነ ነጋዴ እዚህ ሲደርስ ግር ይለዋል። ገና ላላሸነፈው ሥራ ገንዘብ የሚያስይዘው ለምንድን ነው? ቢሸነፍስ ገንዘቡ ይመለስለታል? ካሸነፈስ ከሥራው ዋጋ ይታሰብለታል? አንዳንዱ የመመዝገቢያ ክፍያ ይመስለዋል፤ ሌላው ለሥራው አቅም እንዳለው የሚያሳይበት ገንዘብ አድርጎ ይወስደዋል። ሁለቱም አይደለም። የጨረታ ማስከበሪያ የሚያዘው ለሥራው ሳይሆን ለቃሉ ነው።

ምንን ነው የሚያስከብረው?

አንድ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የተማሪ ዴስክ ለመግዛት ጨረታ አወጣ እንበል። ፖስታው ሲከፈት አንደኛው ተጫራች 1,800,000 ብር፣ ሁለተኛው 2,000,000 ብር፣ ሦስተኛው 2,300,000 ብር አቅርበዋል። ሦስቱም የቴክኒክ መስፈርቱን ካሟሉ ሥራው ለአንደኛው ይሰጣል።

አሁን የአንደኛውን ሰው ልብ እናስብ። የሌሎቹ ዋጋ በአዳራሹ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ከተከታዩ በ200,000 ብር ማነሱን ሰምቷል። «ተጎዳሁ» ይላል። ወይም ዋጋውን ባስገባበትና ውጤቱ በተነገረበት ቀን መካከል የጣውላና የብረት ዋጋ ጨምሮበታል። መያዣ ባይኖር ኖሮ «ትቼዋለሁ» ብሎ ይሄድ ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ወይ ሁለተኛውን በ200,000 ብር ብልጫ ይወስዳል፤ ወይ ማስታወቂያውን ዳግም አውጥቶ፣ ቀን ቆጥሮ፣ ኮሚቴ ሰብስቦ እንደ አዲስ ይጀምራል። ትምህርት ቤቱ እስከዚያ ተከፍቷል።

ከዚህ የከፋም አለ። አንደኛውና ሁለተኛው ተጫራች አስቀድመው የተመካከሩ ሊሆኑ ይችላሉ። አንደኛው ዝቅተኛ ዋጋ አስገብቶ ሌሎቹን ከፉክክር ያስወጣል፤ ከዚያ ራሱን ያገልና ሥራው ከፍ ባለው ዋጋ ለወዳጁ ይደርሳል። ትርፉን ይካፈላሉ። ከውጭ ለሚያየው ሰው ደንቡን ጠብቆ የተካሄደ ጨረታ ነው።

የጨረታ ማስከበሪያ የተበጀው ለእንዲህ ያለው መንሸራተት ነው። ተጫራቹ ፖስታውን ሲያስገባ «ይህን ዕቃ በዚህ ዋጋ አቀርባለሁ፣ ዋጋውም ለዚህን ያህል ቀን ይጸናል» ብሏል። የማስገቢያው ሰዓት እስኪደርስ ሐሳቡን መለወጥም ሰነዱን መውሰድም ይችላል። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ግን ቃሉ ታስሯል። ገንዘቡ የሚወረሰው በተለመደው አሠራር በጥቂት ምክንያቶች ነው፦ ዋጋው በሚጸናበት ጊዜ ውስጥ ራሱን ካገለለ ወይም ዋጋውን ከለወጠ፣ አሸናፊ ሆኖ ውል አልፈርምም ካለ፣ ወይም ፈርሞ ለቀጣዩ ደረጃ የሚጠየቀውን የውል ማስከበሪያ ካላቀረበ። በሰነዱ ላይ የታየ የሒሳብ ስሕተት ሲታረም አልቀበልም ማለትም እዚሁ ውስጥ ይገባል።

መሸነፍ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። የተሸነፈ ሰው ገንዘቡ ይመለስለታል። የአሸናፊውም ቢሆን የውል ማስከበሪያውን ሲያስገባ ይለቀቅለታል እንጂ የክፍያ አካል አይሆንም።

ከቀብድ የሚለየው

ቤት ወይም መኪና ስንገዛ የምንሰጠው ቀብድ የዚህ ቅርብ ዘመድ ይመስላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1883 ጀምሮ ስለ ቀብድ ይደነግጋል። ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠው ሰው ቢያፈርስ የሰጠው ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። መሸሽ ለሁለቱም ወገን ዋጋ አለው።

የጨረታ ማስከበሪያ ግን ከውል በፊት የሚቀመጥ ነው፤ የሚያስረውም አንዱን ወገን ብቻ ነው። መሥሪያ ቤቱ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱን በማስታወቂያው ግርጌ አስጠብቋል። ቢሰርዘው ያስያዙትን ይመልስላቸዋል እንጂ እጥፍ አይከፍልም። ነጋዴዎች «ለእነሱ ብቻ የተቆረጠ» ሲሉ የሚያጉረመርሙት ያለ ምክንያት አይደለም።

ከሰው ወደ መሬት፣ ከመሬት ወደ ወረቀት

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። የጥንቷ ሮም መንገድ፣ ድልድይና የውኃ መስመር የምታሠራው፣ ግብርም የምትሰበስበው በጨረታ ነበር። ጨረታው የሚካሄደው በአደባባይ፣ ጦር ተተክሎ፣ ሳንሱር በተባሉት ሹማምንት መሪነት ነበር። ያሸነፈው ሰው ሁለት ነገር ማቅረብ አለበት፦ በስሙ የሚቆሙ ዋሶችና በመያዣነት የሚመዘገብ መሬት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት ስለ ሮም የጻፈው ግሪካዊው ፖሊቢየስ ይህን ሰንሰለት ዘርዝሮታል፤ ሥራውን የሚጫረቱ፣ ከእነሱ ጋር የሚሻረኩ፣ ዋስ የሚሆኑላቸውና ንብረታቸውን ለግምጃ ቤቱ የሚያስይዙላቸው እንደነበሩ ይናገራል።

ከዚያ ዘመን በድንጋይ ተቀርጾ የቀረ አንድ የሥራ ውል አለ። በኔፕልስ አጠገብ ባለችው በፑቴኦሊ፣ በዛሬዋ ፖዙኦሊ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ105 ዓመት ግድም የተደረገ ነው። ሥራው በሴራፒስ ቤተ መቅደስ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ በር ያለው ግንብ መገንባት ነው። የበሩ ስፋት፣ የእንጨቱ ውፍረት፣ የኖራው አለሳለስ ሳይቀር ተዘርዝሯል። ሥራ ተቋራጩ ዋስ ጠርቶ መሬት ያስመዘግባል። የክፍያው ግማሽ የሚሰጠው መያዣው በቂ ሆኖ ሲገኝ ነው፤ ቀሪው ግማሽ ሥራው አልቆ ከ20 ያላነሱ የቀድሞ ሹማምንት በተገኙበት ሲጸድቅ። ዋጋው 1,500 ሴስተርስ የተባለ የሮም ገንዘብ ነበር። በጽሑፉ መጨረሻ ላይ የተጫራቹ የብሎሲየስ ስም አለ፤ እሱ ራሱም ዋስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ከእሱ በታች የሌሎቹ ዋሶች ስም ይከተላል። የዛሬ ተቋራጭ ይህን ቢያነብ የቴክኒክ ዝርዝሩን፣ የቅድሚያ ክፍያ ዋስትናውንና የርክክብ ኮሚቴውን ወዲያው ይለያቸዋል።

የሮም ዋስ ሰው ነበር። በእኛም አገር እንዲሁ። በባህላዊው ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ ዋስ ጠርተው ነው ክርክር የሚገቡት። ዋሱ ሰውየውን የሚያውቅ፣ ሰውየውም የሚያፍረው ሰው ነው፤ ዋስ የሆነለት ሰው ቢጠፋ ዕዳው በዋሱ ቤት ላይ ይወድቃል። መንደርተኛው እርስ በርሱ በሚተዋወቅበት ቦታ ይህ በቂ ነበር። ለመንግሥት ትልልቅ ሥራ ግን ችግር አለው። ዋሱ ራሱ ይደኸያል፣ ይሞታል፣ ወይም ሀብቱ እንደተናገረው ሳይሆን ይቀራል፤ መሬቱን ለመሸጥም ዓመታት የሚፈጅ ክርክር ይጠይቃል።

አሜሪካኖች ይህን ችግር በ19ኛው መቶ ዘመን በሰፊው ቀመሱት። እ.ኤ.አ. በ1894 የአሜሪካ ኮንግረስ ኸርድ አክት የተባለውን ሕግ አውጥቶ የፌዴራል መንግሥት ግንባታ የሚወስድ ተቋራጭ ዋስትና እንዲያቀርብ አስገደደ። በ1935 እሱን የተካው ሚለር አክት ዋስትናውን ሥራው እንዲፈጸም የሚያዝና ለሠራተኞችና ለዕቃ አቅራቢዎች ክፍያ የሚያዝ ብሎ ለሁለት ከፈለው። በዚህ ሂደት ግለሰብ ዋስ ቦታውን ዋስትና መስጠትን ንግዱ ላደረገ ኩባንያ ለቀቀ። ኩባንያው የተጫራቹን ሒሳብ መዝገብ፣ ያለፉ ሥራዎቹንና ዕዳውን መርምሮ ነው የሚፈርምለት። በአሜሪካ ፌዴራል ግዥ ሲሠራበት የኖረው ደንብ የጨረታ ማስከበሪያውን ቢያንስ የዋጋውን 20 በመቶ፣ ቢበዛ 3 ሚሊዮን ዶላር ያደርገዋል።

ለምን እዚያ 20 በመቶ፣ እዚህ 2 በመቶ?

በኢትዮጵያ የፌዴራል ግዥ ለዓመታት ሲመራ የነበረው በ2001 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 649 እና በ2002 ዓ.ም. በተከተለው መመሪያ ነው፤ አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1333 ተተክቷል። መመሪያው የጨረታ ማስከበሪያውን ከግዥው ግምታዊ ዋጋ ከ0.5 እስከ 2 በመቶ ባለው ውስጥ እንዲወሰን ያደርግ ነበር። ክልሎች የየራሳቸው ሕግ ስላላቸው ልኩ ከቦታ ቦታ ይለያያል።

ልዩነቱ ከንፉግነት ወይም ከለጋስነት የመጣ አይደለም። የአሜሪካው ተጫራች ከዋስትና ኩባንያው ጋር ደንበኛ ነው፤ ለጨረታው የሚሰጠው ወረቀት ብዙ ጊዜ ያለ ክፍያ ወይም በጥቂት ክፍያ ይወጣል። የ20 በመቶው ሸክም ያለው በኩባንያው ትከሻ ላይ ነው። የእኛ ተጫራች የሚያስይዘው ግን በአመዛኙ ጥሬ ገንዘብ ነው። ሲፒኦ ሲያሠራ ባንኩ ገንዘቡን ከሒሳቡ ላይ ቀንሶ በመሥሪያ ቤቱ ስም የክፍያ ማዘዣ ይሰጠዋል፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያ ገንዘብ ዕቃ አይገዛም፣ ደመወዝ አይከፍልም። የባንክ ዋስትና ቢጠይቅም ባንኩ ብዙ ጊዜ ተመጣጣኝ ተቀማጭ ወይም ሌላ መያዣ ይፈልጋል፤ ኮሚሽኑም አለ። በእንዲህ ያለ ሁኔታ 20 በመቶ ይያዝ ቢባል የሚጫረቱት ሁለትና ሦስት ባለጸጎች ብቻ ይሆናሉ።

ዝቅተኛው ልክ የራሱ ድክመት አለው። ወደ ዴስኩ ጨረታ እንመለስ። የግዥው ግምታዊ ዋጋ 2,000,000 ብር፣ ልኩም 1.5 በመቶ ቢባል ማስከበሪያው 30,000 ብር ነው። የሁለቱ ተጫራቾች ልዩነት ግን 200,000 ብር ነበር። ለተመሳጠሩት ሰዎች 30,000 ብር ማጣት ቅጣት ሳይሆን የሥራ ወጪ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ብቻውን አያስርም፤ ሌላ መያዣ ያስፈልጋል፤ እሱም የተጫራቹ ስም ነው። ቃሉን ያጠፈ አቅራቢ ከመንግሥት ግዥ ለተወሰነ ጊዜ ይታገዳል፤ በፌዴራል ደረጃ ይህን የሚያደርገው የመንግሥት ግዥና ንብረት ባለሥልጣን ነው።

ይህም ቢሆን የቆየ መላ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ184 ዓመት ካቶ የሮም ሳንሱር ሆኖ የግብር ውሎችን በከፍተኛ፣ የሥራ ውሎችን በዝቅተኛ ዋጋ አጫረተ። ተቋራጮቹ ለሮም ምክር ቤት አቤት ብለው ጨረታው እንዲሰረዝና እንዲደገም አስወሰኑ። ካቶና ባልደረባው ውሳኔውን ተቀብለው ጨረታውን ደገሙት፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ጨረታ የቀለዱት ሰዎች ወደ ሁለተኛው እንዳይቀርቡ በአዋጅ ከለከሉ። ሥራዎቹንም ትንሽ ብቻ ዋጋ ቀንሰው እንደገና አጫረቱ። የዛሬው የእገዳ መዝገብ ከዚህ ብዙም አልራቀም።

የቁርጥ ብሩ ምሥጢር

ማስታወቂያ ሲያነቡ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ማስከበሪያው ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው «የዋጋዎን 2 በመቶ» ተብሎ ሳይሆን 20,000፣ 50,000፣ 100,000 ብር ተብሎ በቁርጥ ነው። ምክንያቱ የምሥጢር ጉዳይ ነው። ተጫራቹ የራሱን ዋጋ 2 በመቶ እንዲያስይዝ ቢጠየቅ፣ 36,000 ብር ሲፒኦ ያሠራለት የባንክ ሠራተኛ ዋጋው 1,800,000 ብር መሆኑን በአንድ ማባዛት ያውቃል። ፖስታው በሰም ቢታሸግም ዋጋው ከባንኩ መስኮት ሊወጣ ይችላል። ቁርጥ ብር ሲሆን ግን የሁሉም ተጫራች ሲፒኦ እኩል ስለሆነ ምንም አይናገርም።

ንብረት ሲሸጥ ነገሩ ይለያል። ባንኮች ዕዳ ያልተከፈለበትን ቤት ወይም ተሽከርካሪ በሐራጅ ሲሸጡ ተጫራቾች ብዙውን ጊዜ የመነሻ ዋጋውን 25 በመቶ በሲፒኦ ይዘው እንዲቀርቡ፣ ያሸነፈም ቀሪውን በ15 ቀን ውስጥ እንዲከፍል፣ ካልከፈለ ያስያዘው እንደማይመለስለት ይገልጻሉ። እዚህ መቶኛ መጠቀሱ ምሥጢር አያወጣም፤ መነሻው ለሁሉም የታወቀ ነውና። 25 በመቶውና 15 ቀኑ እ.ኤ.አ. በ1908 በወጣው የሕንድ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ውስጥም ስለ ሐራጅ ሽያጭ በተጻፈው ክፍል ይገኛሉ፤ የእኛ የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ከሕንዱ ብዙ የወሰደ ነው።

ከጨረታ የሚያስወጡ ጥቃቅን ነገሮች

ብዙ ተጫራች የሚወድቀው በዋጋ ሳይሆን በዚህች ወረቀት ነው። የተለመዱት ስሕተቶች እነዚህ ናቸው።

የመጀመሪያው የስም ነገር ነው። ሲፒኦው በማስታወቂያው ላይ በተጻፈው የመሥሪያ ቤቱ ሙሉ ስም መሠራት አለበት። ጽሕፈት ቤቱና መምሪያው፣ ወረዳውና ክፍለ ከተማው ቢቀላቀሉ የግምገማ ኮሚቴው ላይቀበለው ይችላል።

ሁለተኛው ፖስታ ነው። የቴክኒክና የፋይናንስ ሰነድ ለየብቻ ሲታሸግ ማስከበሪያው በየትኛው ውስጥ ወይም በተለየ ፖስታ እንደሚገባ ሰነዱ ይናገራል። መጀመሪያ የሚከፈተው የቴክኒኩ ስለሆነ፣ በፋይናንሱ ውስጥ የተቀመጠ ሲፒኦ በመክፈቻው ቀን እንዳልቀረበ ይቆጠራል። ዋናው እንጂ ፎቶ ኮፒው አያገለግልም።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። የባንክ ዋስትና የሚያበቃበት ቀን አለው። የዓለም ባንክ መደበኛ ሰነዶች ማስከበሪያው የጨረታው ዋጋ ከሚጸናበት ጊዜ በ28 ቀን እንዲረዝም ይጠይቃሉ፤ በአገር ውስጥም ይህ የተለመደ ነው። ዋጋዬ ለ60 ቀን ይጸናል ያለ ሰው ለ60 ቀን ብቻ የሚቆይ ዋስትና ይዞ ቢመጣ ይወድቃል።

አራተኛው የዋስትናው ዓይነት ነው። በቅድመ ሁኔታ ላይ ያልተመሠረተ ማለት መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ እንደጠየቀ ባንኩ ያለ ክርክር የሚከፍለው ማለት ነው። በቅድመ ሁኔታ ላይ የተመሠረተው ግን ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ይጠብቃል። ማስታወቂያው የመጀመሪያውን ጠይቆ ሳለ ሁለተኛውን ይዞ መቅረብ አይጠቅምም።

ሥራው በሎት የተከፋፈለ ከሆነ ደግሞ ማስከበሪያው ለእያንዳንዱ ሎት ለብቻው ይጠየቅ ወይስ በአንድ ላይ ሰነዱን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

ከማስከበሪያው በኋላ

ያሸነፈ ሰው በዚህ አያበቃም። ውል ሲፈርም የውል ማስከበሪያ ያቀርባል፤ በፌዴራል ግዥ የተለመደው የውሉ ዋጋ 10 በመቶ ነው። ይህኛው ቃሉን ሳይሆን ሥራውን ያስከብራል። እስከ 30 በመቶ ሊደርስ የሚችለውን ቅድሚያ ክፍያ ከወሰደም የወሰደውን ያህል ሌላ ዋስትና ይጠየቃል። ሦስቱን መለየት ገንዘብን ለማቀድ ይረዳል፤ ለጨረታው 30,000 ብር ያልከበደው ነጋዴ ለ1,800,000 ብር ውል 180,000 ብር ዋስትና ሲጠየቅ ይደነግጣል። ያን ጊዜ ካላቀረበም የሚወረሰው የመጀመሪያው ማስከበሪያ ነው።

አቅም ለሌላቸው የተተወ በርም አለ። በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ማኅበራት ገንዘብ ከማስያዝ ይልቅ ካደራጃቸው አካል የዋስትና ደብዳቤ ማቅረብ እንዲችሉ በብዙ ማስታወቂያዎች ይገለጻል። በዓለም አቀፍ ግዥም ገንዘቡን ትቶ «ቃሌን ባጥፍ ለዚህን ያህል ጊዜ ልታገድ» የሚል ፊርማ ብቻ የሚያስይዝ አሠራር አለ። ሁለቱም ገንዘብን ትተው ስምን ይይዛሉ።

የሁሉም መለኪያ አንድ ነው፦ መያዣው ቃል ለማጠፍ የሚያስፈራ፣ ለመወዳደር ግን የማያስፈራ መሆኑ። ከበዛ አነስተኛው ነጋዴ ይቀርና ዋጋው በጥቂቶች እጅ ይወድቃል፤ ካነሰ ጨረታው መጫወቻ ይሆናል። ለተጫራቹ ደግሞ ከዚህ የሚቀረው ሥራ ቀላል ነው። ዋጋውን ከማስገባቱ በፊት በዚያ ዋጋ ውል ለመፈረም እንደሚችል ደጋግሞ ያስላ፤ ከተሸነፈ በኋላም ውጤቱ ተገልጾ አሸናፊው ውል መፈረሙን እንደሰማ ሲፒኦውን እንዲመልሱለት በደብዳቤ ይጠይቅ። በመሥሪያ ቤቱ ካዝና ውስጥ የተረሳ ሲፒኦ ለቀጣዩ ጨረታ የሚያስይዘው ገንዘብ ነው።